ማቃጠያው ውስጥ የገቡ ንቦች

ንብ እወድ ነበር። ማሩን ማለቴ ነው፤ ንቡንማ ማን ቀርቦ ያውቀዋል? መቱ ገበያ ጀርባ ያደገ ልጅ ማርን የሚያውቀው በጣቱ ነው። ገበሬዎቹ ከሁሩሙም ከሶር ወንዝ ማዶም ይዘው ሲመጡ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ «እስቲ ልቅመስ» እያሉ ሳይገዙ መጥገብ ነው። አሁን ግን ንብ ጆሮዬ አጠገብ ጥዝዝ ካለ መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። ሰው ሲያየኝ ንብ የምፈራ ይመስለዋል፤ እኔም አላስረዳም።

ያን ጊዜ የምሠራው ከመቱ ራቅ ባለች፣ ከአስፋልቱ ተወጥቶ በጭቃ መንገድ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ላቦራቶሪ ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን ወደ ብርሃኑ የምናዞርበት አንድ መስኮት። ሰው ወደ ላቦራቶሪ ምን ይዞ እንደሚገባ ያውቃል፤ ከዚያ ስለሚወጣው ግን የሚጨነቅ የለም። ደም የተቀዳበት መርፌ፣ አክታ የተተፋበት ዕቃ፣ ጣት የተወጋበት ስለት ቀኑን ሙሉ ይጠራቀማል። ሕመምተኛው ውጤቱን ይዞ ይሄዳል፤ በሽታው እኔ ዘንድ ይቀራል።

ይህንን ለማስወገድ ሁለት ነገር ነበረን። አንዱ አውቶክሌቭ ነው፤ ውሃ አፍልቶ በታመቀ እንፋሎት ጀርሙን የሚገድል ወፍራም የብረት ድስት በሉት። እዚያ ውስጥ በስሎ የወጣውን ደግሞ ከግቢው ጥግ ያለው የጡብ ማቃጠያ ይረከበዋል፤ የብረት በርና ረጅም የጭስ መውጫ ያለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ዳቦ ቤት የሚመስል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? እኛም የተማመንነው በዚሁ ነበር።

አንደኛው ባላ የተሰበረው መጋቢት ላይ ነው። የአውቶክሌቩ ክዳን ዙሪያ ያለው ጎማ ተቃጠለና እንፋሎቱ በጎን እያፏጨ መውጣት ጀመረ። ጎማ ብቻ ነው እኮ። ግን መቱ የለም ተባለ፤ ጅማ ይገኛል ተባለ፤ ጅማም ከአዲስ አበባ እየጠበቀ ነው ተባለ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጨዋ ወጣት ነው፤ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ጊታር ይመታል፤ ሰው ማስቀየም አይችልበትም። በጠየቅሁት ቁጥር «ጠይቀናል» ይለኛል። ጠይቀናል የሚለው ቃል ጀርም አይገድልም ብዬ አንድ ቀን ጮህኩበት። አንገቱን ደፋና «እሱስ ልክ ነሽ» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት ምን ያደርጋል?

ማቃጠያውን የምታነደው ፅዳት ሠራተኛችን ናት። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ፤ «እርስዎ» ያልኳት ቀን ግን «ምነው አስረጀሽኝ፣ ገና የሚጠባ ልጅ አለኝ» ብላ ተቆጥታ ከለከለችኝ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያችው ደመወዝ ነው። የእኔን ክፍል ቆሻሻ እንደ ሌላው አትንቀውም። ቢጫውን ፌስታል ስሰጣት «ዛሬ ደግሞ የማንን ሳል ነው የምሸከመው?» ትለኛለች። ከእሷ ጋር መሳቅ ቀላል ነበር።

ዝናቡ ገብቶ እንጨቱ ስለረጠበ ማቃጠያው ለጥቂት ቀናት ሳይነድ ቆየ። ፀሐይ ወጣ ባለበት ጠዋት እትዬ ልታነደው ሄደች፤ ወዲያው ተመልሳ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ነይ ጉድ እይ።» ተከትያት ሄድኩ። ማቃጠያው ይዘፍናል። የጭስ መውጫው አፍ በንብ ጠቁሯል፤ በብረቱ በር ስንጥቅ ይገባል፣ ይወጣል። የገተማ ዛፍ አበባ ያወጣበት ወቅት ነበርና አንድ መንጋ ሙሉ ከጫካው ወጥቶ የእኛን ምድጃ ቤት ብሎ ገብቷል።

የግቢው ጥበቃ የነበሩት ጋሼ የሁሩሙ ሰው ናቸው፤ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች አሏቸው፤ ከንብ ጋር አርጅተዋል። መጥተው ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሲሳይ ነው፤ ሰው ይህን ለማግኘት ስንት ቀፎ ያጥናል» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ጋሼ ይህ ቤት አይደለም፣ ማቃጠያ ነው፣ ዛሬ መንደድ አለበት አልኳቸው። ልጅ አጉል ነገር ስታወራ እንደሚያዩት አዩኝ። «ከኒስኒ ኦፊሳ ዱፌ ህን ጉበሙ» አሉኝ። በራሱ የመጣ ንብ አይቃጠልም ማለታቸው ነው። እኔም አፋን ኦሮሞ አፌን የፈታሁበት ነው፤ ቃሉ ገብቶኛል፤ ያልገባኝ የሚመልሰውን ቃል ከየት እንደማመጣ ነው።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። ከቢሮው ወጥቶ ዳር ቆሞ አየና ንብ ማቃጠል እሱም እንደሚከብደው ነገረኝ፤ ሕዝቡም ያዝንብናል አለ። እውነቱን ነበር። በዚያች ከተማ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በሰርግ ድንኳን እንኳን አንዳንዴ ይነታረካሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ። ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ከስልጤ የመጣው ነጋዴ ጭራሽ ስኳር በጥብጦ ላከላቸው። እኔ የምለምነው አንድ የክዳን ጎማ ነው፤ ለንቦቹ ግን ሳይለምኑ ስኳር መጣላቸው። ሁሉም ሰው ራሱን እየነቀነቀ «ማል ጎና» ይለኛል፤ ምን እናድርግ። እኔ እነግራቸዋለሁ ምን እንደምናደርግ፤ ይሰሙኛል፣ ይስማማሉ፣ ከዚያ መልሰው «ማል ጎና»።

ጋሼ በበኩላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። አዲስ ቀፎ በእበት ለስነው፣ መልካም ሽታ ባለው እንጨት አጥነው ከማቃጠያው አጠገብ ሰቀሉ። ጥቂት ንብ ወጥቶ ጎበኘና ተመለሰ። አውራዋ ከጭስ መውጫው መታጠፊያ ውስጥ ገብታ ተሸጉጣለች፤ እሷ ካልወጣች መንጋው አይወጣም። ጡቡን እናፍርሰው ብል፣ ማቃጠያውን ማን መልሶ ይሠራዋል ተባለ። ይህም እውነት ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው እውነት ይናገራል፤ አንዱም እውነት ግን ቆሻሻውን ከክፍሌ አያወጣልኝም።

ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው አልኩ። ተቆፈረ። በማግስቱ የኢሉባቦር ዝናብ መጣና ሞላው፤ የጣልነው የአክታ ዕቃ ከነክዳኑ፣ ባቄላ ሲነከር ብላሹ እንደሚንሳፈፈው ከላይ ተንሳፈፈ። እትዬና እኔ ጓንት አድርገን በረጅም እንጨት ስንለቅመው ዋልን። በርሜል ውስጥ ልናቃጥለውም ሞክረናል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ መርፌዎቹን እንደ ሙጫ አጣብቆ አስቀመጣቸው፤ ጭሱ በአጥሩ በኩል ትምህርት ቤቱን ሞልቶ ዳይሬክተሩ ሊገስጹን መጡ። በረኪና ውስጥ የሚዘፈዘፈውን እዘፈዝፋለሁ። በረኪናው ራሱ አልቆ ስንት ቀን ጠብቄያለሁ። የቀረው ሁሉ ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለች፣ ጣሪያዋ በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ተከመረ፤ እትዬም ልብሷን የምትቀይረው እዚያች ክፍል በር ላይ ነው። በየቀኑ በሩን ስከፍት የምፈራው ለእሷ ነበር። ይህንን ክምር በእጅ የሚነካው ሌላ ሰው የለም።

መርፌ የሚጠራቀምበትን ሣጥን እኛ ሴፍቲ ቦክስ እንለዋለን፤ ካርቶን ነው። ደረቅ አገር ላሉ ሰዎች ጥሩ ነገር ይመስለኛል። ግንቦት ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጠና፣ መጋዘኗ ውስጥ ውሃው ሣጥኖቹ ላይ ሲንጠባጠብ እትዬ አየች። ማንም ሳያዛት ወደ ደረቁ ጥግ ልታዛውራቸው ገባች። እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ስላይድ እያየሁ ነበር። «እህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጩኸት አይደለም፣ ሰው አንድ ነገር ሲረሳ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ስደርስ ሣጥኑን ጎኗ ላይ እንደ እንስራ አቅፋዋለች፤ የረጠበው ታች ተንዶ መርፌዎቹ እግሯ ሥር ፈስሰዋል፤ አንዱ ከጉልበቷ በላይ በቀሚሷ ላይ ቆሟል።

«ምንም አይደል፣ እሾህ ነው» አለችኝ። ነቅዬ ጣልኩት፤ በሳሙናና በውሃ አጠብኳት። ውሃውን ይዛ ያፈሰሰችልኝ እሷ ራሷ ናት። ከዚያ «የማን መርፌ ነው?» አለች።

ማወቅ አልቻልኩም። የዚያች ከተማ ሰው ደም ግማሹ በእጄ አልፏል፤ ማን ምን እንዳለበት ሳልፈልግ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ከፊቱ ይልቅ ውጤቱ ትዝ የሚለኝ ጊዜ አለ። ያቺ አንዲት መርፌ ግን የማን እንደሆነች የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። እዚያ ሣጥን ውስጥ የሁሉም ሰው ደም ነበረ። በዚያው ሰዓት ደሟን ቀድቼ መረመርኩ፤ ንጹሕ ነበር፤ የኤችአይቪውም የጉበቱም ቫይረስ የለባትም። «እንኳን ደስ ያለሽ» ግን አላልኳትም፤ ዛሬ የገባ ነገር ዛሬ አይታይም፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

ለኤችአይቪው ቶሎ የሚጀመር መድኃኒት ነበረን፤ ጀመረች፤ ሆዷን እያገላበጠባትም ሳታቋርጥ ጨረሰችው። ለጉበቱ የሚያስፈልገው ክትባት ነው። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ተከትቤያለሁ፤ ባለሙያ እሆናለሁ ተብሎ ነው። እሷ ባለሙያ አይደለችም፤ ስለዚህ ተራ አልደረሳትም። እኔ በማይክሮስኮፕ የማየውን እሷ በእጇ የምትሸከመው ሆና፣ የተከተብኩት እኔ ነኝ። ከተወጋች በኋላም ቶሎ ብታገኘው ሊረዳት ስለሚችል በማግስቱ ይዣት መቱ ሄድኩ። በባጃጅ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞርን። የለም፤ የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ። መጨረሻ ላይ እትዬ «እሺ በቃ፣ ለልጄ ጫማ እንግዛና እንሂድ» አለችኝ። ባጃጁ ውስጥ የልጇን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ስታየው፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ አለቀስኩ።

ስመለስ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ከሱቁ ነጭ ጋዝ ገዛሁ፤ ነጋዴው ለፋኖስ መስሎት ነበር። ቀጥ ብዬ ወደ ማቃጠያው ሄድኩ። ጋሼ ከአጥሩ ሥር ተነሥተው ቆሙ፤ አልከለከሉኝም። የእትዬን ነገር ሰምተዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ጋዙን ከፍቼ በሩ ላይ ልረጭ ስል ክንዴን የያዘኝ ሌላ እጅ ነው። እትዬ ናት።

«ተይ» አለችኝ።

«በእነሱ ምክንያት ነው'ኮ እትዬ!»

«አውቃለሁ። ተይ ብዬሻለሁ። የእኔ ነገር ገና አልታወቀም አላልሽም? እግዜር አሁን እኔን እያየኝ ነው። በእኔ ሰበብ ይሄ ሁሉ ነፍስ ከተቃጠለ፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው አፌ ማረኝ ብዬ ልለምነው ነው?»

ደም እንዲህ አይሠራም ልላት እችል ነበር። ቫይረስ ንብ አያውቅም፣ ይቅርታም ቂምም የለውም። ግን በቀሩት ወራት ከዚህ ሌላ የምትይዘው ነገር ምን ሰጥቻት ነው? ክትባት የለኝም፤ ጎማ የለኝም። ጋዙን ለጋሼ ሰጠሁና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ከሌላ ሰው ጋር ብጣላ ይሻለኝ ነበር፤ የተወጋችው ራሷ ስትከለክለኝ ከማን ጋር ልጣላ?

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ሣጥኖቹን ጋሼና ኃላፊው ራሳቸው በቆርቆሮ በተከደነ አዲስ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡ፤ ሰው ሳይወጋ የሚስተካከል ነገር የለም መሰለኝ። ፌስታሎቹ ግን መከመራቸውን ቀጠሉ። እትዬ ሥራዋን አልተወችም፤ መተው የምትችልበት አቅም የላትም። ቀልዷ ግን ተለወጠ። የራሷን ኩባያ ለየች፤ የራሷን ማንኪያ ለየች። ትንሿን ልጇን ጡት አስጣለቻት። ገና አያስፈልግም፣ በመሳምም በማቀፍም አይተላለፍም፣ ሐኪሙም አጥቢ ብሎሻል ብዬ ለመንኳት፤ «አዎ፣ ነግረሽኛል» ትለኛለች። አንድ ቀን ልጅቱ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ እናቷ አንገት ላይ ስትጠመጠም፣ እትዬ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ፊቷን ስታሸሻት አየሁ። ልጅቱ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች።

ንቦቹ ደግሞ ተመችቷቸው ሰነበቱ። የታመመ ሰው ሊታከም መጥቶ መጀመሪያ እነሱን አይቶ ይገባል። «የጤና ጣቢያ ማር መድኃኒት ነው» የሚል ወሬ ተነሥቶ፣ መቼ ነው የሚቆረጠው እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች ነበሩ። አመድ የተቀላቀለበት የመርፌ ስብርባሪ ላይ የተሠራ ማር ነው ብዬ ስቆጣ፣ «ንብ ንጹሕ ነው፣ ቆሻሻ ላይ አይቀመጥም» ይሉኛል። ዕውቀቴን ይዤ ብቻዬን ቆምኩ፤ ለማንም አልጠቀመ።

ነሐሴ ላይ ጊዜው ደረሰ። ጠዋት፣ ሕመምተኛ ሳይበዛ፣ እትዬ ክፍሌ ገብታ ሕመምተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ያን ወንበር ስትጠርገው እንጂ ስትቀመጥበት አይቻት አላውቅም። ደሟን ቀዳሁ። የኤችአይቪው ንጹሕ ሆነ፤ ነገርኳት፤ «ተመስገን» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። የጉበቱን ስትሪፕ፣ ያቺን መመርመሪያ ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንድ መስመር ወጣ፤ እሱ ሁልጊዜም ይወጣል፤ ቫይረስ መኖሩን የሚናገረው ሁለተኛው ነው። ከዚያ ሁለተኛው ከሥሩ መጣ፤ በመጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ከዚያ ቀላ። ስንት ሺህ ጊዜ ያየሁት መስመር ነው፤ እንዳይመጣ ስለምነው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቴን አይታ አወቀች።

ብዙ አዋቂ ሰው ሰውነቱ ራሱ ያስወጣዋል፣ ጥቂቱ ላይ ነው የሚቀረው አልኳት። እውነት ነው የነገርኳት። ይኸው ግን እሷ ከጥቂቶቹ ሆነች፤ እስከ ዛሬ አብሯት አለ፤ ለክትትል መቱ ትመላለሳለች፤ ሲደክማት ዝናቡ ነው ትላለች። ያን ቀን ይህን አላወቅንም። ስትሪፑን ካገለገለው ሁሉ ጋር ቢጫ ፌስታል ውስጥ ጣልኩት፤ ሌላ የሚጣልበት ቦታ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ቢሮ ቢሮ እያንኳኩ ነበር። ንቦቹ ሄደዋል። አበባው አልቆ፣ ዝናቡ ጠንቶባቸው፣ ማንም ሳይነካቸው በፈቀዳቸው ሰዓት ተነሥተው ወጥተዋል። ማቃጠያው ጭጭ ብሏል። ጋሼ የማሩን እንጀራ ከጭስ መውጫው እየፈለቀቁ አወጡት፤ ማሩ ጥቂት ነው፣ በአመድ ጠቁሯል። ሲጠብቁ ከነበሩት ሁሉ አንድም የቀመሰ የለም። ጋሼ ለእትዬ አንዳች ነገር ሊሏት ብለው ቀረቧት፤ «ይተዉት ጋሼ» አለቻቸው፤ ደረቅ እንጨትም ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ተሸክመው አመጡላት።

ፌስታሎቹን ከመጋዘኗ አብረን አወጣን። የመጨረሻው የትናንቱ ነበር። እትዬ በማቃጠያው በር ጎንበስ ብላ እንጨቱን ካስተካከለች በኋላ ቀና አለችና ፌስታሉን አየችው።

«የእኔም እዚህ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ከላይ አድርጊልኝ፤ ሲቃጠል ልየው።»

ጓንት አድርጌ ስትሪፑን ፈልጌ አወጣሁላት፤ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ክብሪት ረጥቦ አልያዘም። ሁለተኛውን ጫረች።